ቡጋንቪላ ወይስ ጃስሚን? ለግቢያችሁ የቱ ሐረግ ይሻላል

ሰው አጥር አሠርቶ ሲጨርስ የሚገጥመው ነገር አንድ ዓይነት ነው። ብሎኬቱ ቆሟል፣ ልስኑ ደርቋል፣ ገንዘቡ አልቋል፤ ግድግዳው ግን እስር ቤት ይመስላል። ያኔ ነው "አንድ ሐረግ ነገር ብንተክልበትስ?" የሚባለው።

እኔም የጀመርኩት ከዚያው ነው። ስድስት ዓመት ሆነኝ። በነዚህ ዓመታት አንድ ቡጋንቪላ ገድያለሁ፣ አንድ ጃስሚን ዓመቱን ሙሉ አበባ አሳጥቻለሁ፣ የእናቴን ነጠላ አስቀድጃለሁ፣ ከአንዲት ጎረቤት ጋር ተኳርፌ ታርቄያለሁ። እዚህ የማወራው አብዛኛው ከዚያ የተረፈኝ ነው።

ሐረግ ብዙ ዓይነት አለ። ግድግዳ ላይ ተለጥፎ እንደ ምንጣፍ የሚሸፍነው አለ። ብርቱካንማ አበባውን ከጣሪያ ላይ የሚያወርደው አለ። እያበበ ፍሬ የሚሰጠው ፓሽን ፍሩትም አለ። ግን አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጡት ዘንድ ሄዳችሁ "አበባ ያለው ሐረግ" ብትሉ፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቀርብላችሁ ወይ ቡጋንቪላ ነው ወይ ጃስሚን። ስለዚህ በሁለቱ ላይ ብቻ ልቁም።

በነገራችን ላይ ሐረግ የሚለው ቃል ራሱ ደስ ይለኛል። በብራና መጻሕፍት ገጽ አናት ላይ የሚሳለው፣ እርስ በርሱ የተጠላለፈው ጌጥ ስሙ ሐረግ ነው። የዘር ሐረግም አለ፣ ሰዋስው ውስጥም ሐረግ አለ። ሁሉም የሚያያዝ ነገር ነው። የሚገርመው ቡጋንቪላ በራሱ መያያዝ የማይችል ሐረግ መሆኑ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ምንድን ነው የምትገዙት?

የቡጋንቪላ አንድ ዘለላ ቀንጥሱና እጃችሁ ላይ አድርጋችሁ እዩት። ያ ደማቁ ሐምራዊ ነገር አበባ አይደለም፤ ቅጠል ነው። በጣታችሁ ስታሹት እንደ ስስ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። ወደ ብርሃን ከፍ ስታደርጉት የቅጠል ጅማቱ ይታያል። ሦስት ባለቀለም ቅጠሎች ገጥመው ሲቆሙ፣ መሃላቸው ሦስት ቀጫጭን ቱቦዎች ታገኛላችሁ። የተከፈተው ቱቦ ጫፍ ላይ ከጥፍር የምታንስ ነጭ ኮከብ አለች። አበባው እሷ ናት።

ይሄ ለዕውቀት ያህል ብቻ የሚነገር አይደለም። ቡጋንቪላ ለሳምንታት ቀለሙን ይዞ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። አበባ ቶሎ ይጠወልጋል፣ ቅጠል ይታገሣል። ሽታ ግን አትጠብቁ። አፍንጫችሁን ብትቀብሩበት እንኳ ይሄ ነው የሚባል ነገር የለውም።

አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። በ1767 እ.ኤ.አ. ፊሊቤር ኮመርሶን የሚባል ፈረንሳዊ የእጽዋት ተመራማሪ ሪዮ ዴ ጃኔሮ አካባቢ አግኝቶ ሰበሰበው። የተሳፈረው በቡጋንቪል ጉዞ ስለነበር ስሙ በጉዞው መሪ ተሰየመ። የኮመርሶን ረዳት ዣን ባሬ ደግሞ ወንድ መስላ የተሳፈረች ሴት ነበረች። ዓለምን በባሕር እንደዞረች የሚታወቅ የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። እኔ እንደሆነ ተክሉን በሷ ስም ቢጠሩት ደስ ይለኝ ነበር፤ ለአፍም ይቀል ነበር። የኛ ሻጮች ቡጋንቪላ፣ ቦገንቪላ፣ ቡገንቪሊያ፣ እንዳሻቸው ይሉታል። በየትኛውም ብትጠሩት የሚሰጧችሁ ያው ነው።

ጃስሚን ላይ ግን ስም ያሳስታል። እውነተኛው ጃስሚን ወደ 200 የሚጠጉ ዝርያዎች ያሉት ቤተሰብ ነው፤ ወይራም የቅርብ ዘመዱ ነው። ከዝርያዎቹ አንዳንዶቹ የኛው ናቸው። በደጋ ደን ዳር ዛፍ ላይ ተጠምጥሞ ነጭ የሚያብበው ጠምበለል ጃስሚን ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ እንኳ አቢሲኒያ አለበት። እኔ የዞርኩባቸው ችግኝ ቤቶች ግን የሚሸጡት በአብዛኛው ከቻይና የመጣውን፣ ጃስሚነም ፖሊያንተም የሚባለውን ነው። እምቡጡ ሮዝ ነው፤ ሲከፈት ነጭ ይሆናል። ቅጠሉ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7 በሚሆኑ ትንንሽ ቅጠሎች የተከፋፈለ ነው። በዚህ ጽሑፍ ጃስሚን ስል እሱን ነው።

ጃስሚን ነው ተብለው የሚሸጡ ሌሎችም አሉ። አንደኛው "የሌሊት ጃስሚን" የሚሉት ነው። እሱ ሐረግ ሳይሆን ቁጥቋጦ ነው። ማታ ሽታው ጭንቅላት ያዞራል፣ ፍሬው ደግሞ መርዛማ ነው። ልጅ ያለበት ቤት አላስገባውም። ሁለተኛው ቢጫ አበባ ያለው ነው። እሱ እውነተኛ ጃስሚን ነው፣ ያምራልም፤ ግን አይሸትም። ለሽታ ብላችሁ ከገዛችሁት ተበላችሁ። ሦስተኛው ደግሞ ወፍራምና አንጸባራቂ ቅጠል ያለው፣ ነጭ አበባው እንደ መዘውር ጠመም ያለው ነው። ቅርንጫፉን ቆረጥ ስታደርጉት ነጭ ወተት ካወጣ ጃስሚን አይደለም። መጥፎ ተክል ነው ማለቴ ሳይሆን፣ የምታወዳድሩት ሌላ ነገር ነው ማለቴ ነው።

ፀሐዩን ቁጠሩ

ሰው ሲመርጥ የሚጠይቀው "የቱ ያምራል?" ብሎ ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የጠየቅኩት። መጠየቅ የነበረብኝ ግድግዳዬ ስንት ሰዓት ፀሐይ ያገኛል የሚለውን ነው። ከሌላው ነገር ሁሉ ይሄ ይበልጣል።

ቡጋንቪላ ቢያንስ 6 ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። በጥላ አይሞትም፤ እንዲያውም ይወፍራል፣ ይረዝማል፣ ቅጠሉ ይንዠረገጋል። አበባ ግን የለም። አረንጓዴ እሾህ አሳድጋችሁ ትቀራላችሁ። ጃስሚን ግማሽ ቀን ይበቃዋል። የጠዋት ፀሐይ አግኝቶ ከሰዓት በኋላ ጥላ ቢያርፍበት ደስተኛ ነው፤ በበጋው የቀትር ፀሐይ እንዲያውም ቅጠሉ ይገረጣል።

እዚህ ላይ የአገራችንን ፀሐይ ማወቅ ይጠቅማል። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መግቢያ ድረስ አዲስ አበባ ላይ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ዘንበል ያለች ናት። ወደ ሰሜን የምትዞረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ሰማዩን ደመና ይሸፍነዋል። ስለዚህ ፊቱ ወደ ሰሜን የሆነ ግድግዳ ፀሐይ የሚያጣው ልክ በበጋው ነው። ቡጋንቪላ በዋናነት የሚያብበው ደግሞ በበጋ ነው። የመጀመሪያውን ቡጋንቪላዬን የተከልኩት ሰሜን ፊት ባለው አጥር ላይ ነበር። ሁለት ዓመት ጠበቅኩት። ቅጠሉ ያምር ነበር።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት በጥቅምት ወይም በኅዳር አንድ ቅዳሜ ቤት ዋሉ። ሦስት ሰዓት ላይ ወጥታችሁ ግድግዳውን እዩ። ስድስት ሰዓት ላይ እዩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዩ። ከሦስቱ ሁለቴ ፀሐይ ካረፈበት ቡጋንቪላ ይሆናል። አንዴ ብቻ ከሆነ ጃስሚን ትከሉ። ሦስቴም ጥላ ከሆነ ሁለቱንም እርሱትና ለአበባ ሳይሆን ለቅጠል የሚሆን ነገር ፈልጉ። ጎረቤታችሁ ፎቅ እየጀመረ ከሆነ ደግሞ የዛሬውን ፀሐይ አትመኑት።

ውሃ፣ በተለይ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ

ቡጋንቪላ ሥር ከሰደደ በኋላ ውሃ ሲጠማው ነው የሚያብበው። ቀልድ አይደለም። አፈሩ ሲደርቅ እድገቱን ገታ ያደርግና ወደ ቀለም ይሄዳል። ውሃ በየቀኑ ካጠጣችሁት፣ ዩሪያ ከጨመራችሁበት፣ ቅጠል በቅጠል ይሆናል። በመጀመሪያው ዓመት ተንከባከቡት፤ ከዚያ በኋላ በበጋ በአስር ወይም በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ጠለቅ አድርጋችሁ ብታጠጡት ይበቃል። ሰፈራችሁ ውሃ በሳምንት አንዴ የሚመጣ ከሆነና ሮቶው ለምግብና ለልብስ ብቻ የሚደርስ ከሆነ፣ ይሄ ተክል የናንተ ነው።

ጃስሚን እንደዚያ አይደለም። ጥሙን ይናገራል። ቅጠሉ ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ እምቡጡ ሳይከፈት ይረግፋል። በበጋ በሳምንት ሁለቴ ይፈልጋል። እኛ ቤት የልብስ ማለቅለቂያውን ውሃ፣ የመጨረሻውን፣ ሳሙና ያልበዛበትን፣ ለሱ እናስቀምጣለን። ሥሩ ላይ ደረቅ ሣር ወይም የተከመረ ቅጠል ካለበሳችሁት እርጥበቱ ይቆያል።

ክረምት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ጃስሚን ዝናብ ይወዳል። ቡጋንቪላ ሥሩ ውሃ ውስጥ ከቆመ ይበሰብሳል። ዋልካ አፈር ያላችሁ፣ በሐምሌ ጫማ የሚጎትት ጭቃ ያላችሁ፣ ጉድጓዱን ብቻ ቆፍራችሁ እንዳትተክሉት። ዋልካ ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ ክረምት ላይ ባልዲ ነው። ከመሬት ከፍ ያለ መደብ አበጁለት፣ ቀይ አፈርና አሸዋ ቀላቅሉለት።

አንዱ ይጠመጠማል፣ ሌላው ይደገፋል

ቅድም እመለሳለሁ ያልኩት ይሄን ነው። ጃስሚን እውነተኛ ሐረግ ነው። አንድ ሽቦ አሳዩት፣ ራሱ ይጠመጠማል። የግድ ሽቦ መሆንም የለበትም። የኔው የዲሽ ገመዱን አገኘና በአንድ ክረምት ጣሪያ ደረሰ። አባቴ ዜና እያየ ምስሉ ሲቆራረጥበት ሰው ጠራ። የመጣው ልጅ መሰላል ላይ ወጥቶ ሳቀ፤ ሐረጉ ዲሹን አቅፎ አዙሮታል።

ቡጋንቪላ ግን አይጠመጠምም፣ አይለጠፍም። ረጃጅም ቅርንጫፉን ወደ ላይ ይወረውርና በእሾሁ ያገኘው ነገር ላይ ይንጠለጠላል። የሚንጠለጠልበት ካጣ ወደ ደጅ ይዘረጋል። ስለዚህ እናንተ ናችሁ የምታስሩት። ግድግዳው ላይ በፊሸር መንጠቆ ምቱ፣ በየ50 ሳንቲ ሜትር ሽቦ ዘርጉ፣ ቅርንጫፉን ለስለስ ባለ ጨርቅ እሰሩ። የድሮ ቲሸርት ከምንም ይሻላል፤ ሽቦ በቀጥታ ካሰራችሁበት ግንዱ ሲወፍር ይቆርጠዋል። ቅርንጫፉን ወደ ጎን አጋድማችሁ እሰሩት። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከሄደ አበባው ጫፉ ላይ ብቻ ይሆንና የሚያየው ጎረቤት ነው።

እሾሁን በደንብ አስቡበት። የእናቴ ነጠላ የተቀደደው ለቤተ ክርስቲያን ለብሳ ስትወጣ ነው፤ ቡጋንቪላው በሩ ጥግ ስለነበር። ጠባብ መተላለፊያ ላይ፣ የልብስ ማስጫ አጠገብ፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ቦታ ላይ አትትከሉት። ሲቆረጥ የሚወጣው ፈሳሽም አንዳንድ ሰው ቆዳ ላይ ያሳክካል፤ ጓንት አድርጉ። በሌላ በኩል አጥር ላይ የጠርሙስ ስብርባሪ ከመደርደር እሱ ይሻላል። ሥራው ያው ነው፣ ለዓይን ግን ያምራል።

የቆርቆሮ አጥር ላለው ሌላ ነገር ልጨምር። ቡጋንቪላ ሲያረጅ ግንዱ እንደ ዛፍ ይወፍራል፣ 10 ሜትር ድረስም ይዘረጋል። ክብደቱ የላላ ቆርቆሮ ያጋድላል። ለቆርቆሮ ጃስሚን ይቀለዋል። ደግሞም ቆርቆሮውን ቶሎ ይደብቀዋል፤ በደህና ውሃ በሁለት ክረምት።

ሽታውና ቆሻሻው

ጃስሚን ነጭ አበባውን ይዞ ቀን ላይ ብታዩት "ይሄ ነው እንዴ?" ትላላችሁ። ከመንገድ ማዶ አይታይም። አመሻሹ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሽታው ከመሸ በኋላ ነው የሚጠነክረው፤ በዱር የሚጎበኙት በሌሊት የሚበሩ የእሳት እራቶች ናቸው። ከሥራ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገብታችሁ በሩን ስትከፍቱ ይቀበላችኋል። ከዚህ በላይ ላወድሰው አልፈልግም፤ ምክንያቱም የማይወደው ሰውም አለ። እህቴ መኝታ ቤቷ መስኮት ሥር ስለሆነ ራሷን ያማታል። ከመኝታ ቤት መስኮት 3 ወይም 4 ሜትር ብታርቁት ጥሩ ነው። ቡና በሚፈላበት በረንዳ አጠገብም እኔ አልመክርም። እጣኑ፣ የሚቆላው ቡናና ጃስሚኑ ሲደባለቁ አንዱ ሌላውን ያበላሸዋል።

በኔ አስተያየት ምርጫው እዚህ ጋ ይወሰናል። ቀን ቤት የምትውሉ ከሆነ፣ ወይም አጥራችሁን መንገደኛ እንዲያይላችሁ የምትፈልጉ ከሆነ፣ ቡጋንቪላ ገንዘባችሁን ይመልሳል። ጨለማ ውስጥ ወጥታችሁ ጨለማ ውስጥ የምትገቡ ከሆነ ግን የቡጋንቪላን ቀለም የምታዩት እሁድ ብቻ ነው። ሥራ ለሚበዛበት ሰው ጃስሚን እላለሁ። እንደ አዲስ ብጀምር እኔም ከጃስሚኑ ነበር የምጀምረው።

ቆሻሻን በተመለከተ ሁለቱም አይታሙም ማለት አይቻልም። የቡጋንቪላ ግን ይብሳል። ባለቀለም ቅጠሎቹ ደርቀው ይረግፋሉ፣ ንፋስ ይወስዳቸዋል፣ ቀላል ናቸው። በሦስተኛው ዓመት የጎን ጎረቤታችን እማማ በሐምሌ ዝናብ ውሃ ግድግዳቸውን አልፎ ሳሎን ገባባቸው። አሸንዳው ተደፍኗል። የደፈነው ሐምራዊ ወረቀት ነው።

"አንተ ልጅ" አሉኝ በሩ ላይ ቆመው፣ "አበባህን ሰው ያይልሃል፣ እኔ ግን በመጥረጊያ ነው የማውቀው።"

ጠረግኩላቸው። ሁለት ሳምንት ሰላምታ በአንገት ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግንቦት ሲያልቅ ሁለቱንም አሸንዳ፣ የኔንም የሳቸውንም፣ መሰላል ላይ ወጥቼ አጸዳለሁ።

መቼ ይቆረጣል?

አብዛኛው ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ቀን በአንድ መቀስ ስለምንቆርጣቸው።

ቡጋንቪላ የሚያብበው አዲስ በወጣ ቅርንጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ መቁረጥ አይጎዳውም፤ ይጠቅመዋል። እኔ የበጋው አበባ ሲያልቅ፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ጠንከር አድርጌ እገርዘዋለሁ። መስከረም ላይ ደግሞ የረዘሙትን ጫፎች ብቻ ቀንጠስ አደርጋለሁ። ደፍራችሁ ቁረጡት፤ ይመለሳል።

ጃስሚን ባለፈው ወቅት ባደገው ቅርንጫፍ ላይ ነው እምቡጥ የሚይዘው። እምቡጡንም የሚያዘጋጀው ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ፣ በነጥቅምትና ኅዳር ብርድ ነው። እኔ ይሄን ሳላውቅ አንድ ዓመት ለገና ግቢው ያምር ብዬ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ አትክልተኛ ጠራሁ። ልጁ ጎበዝ ነው፤ እንደ ጸጉር አስተካክሎት ሄደ። መሬቱ ላይ የወደቀውን ቅርንጫፍ ስሰበስብ የክብሪት ጭንቅላት የሚያካክሉ ሮዝ እምቡጦች አየሁ። በመቶ የሚቆጠሩ ነበሩ። ያን ዓመት አንድም አበባ አላየንም። ጃስሚንን አበባው እንዳለቀ ወዲያው ቁረጡት፣ ከዚያ እስከሚቀጥለው ዓመት አትንኩት። በየሁለት ወይም ሦስት ዓመቱ ግን የውስጡን ደረቅ ግንድ ከሥሩ ማውጣት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ውስጡ የወፍ ጎጆ ይመስላል፣ አይጥም ይወደዋል።

ተባይ ሁለቱም ላይ አይበዛም። ጃስሚን አዲስ ጫፉ ላይ ክሽክሽ ሊይዘው ይችላል፤ በሳሙና ውሃ ሁለት ሦስት ቀን ማጠብ ይበቃል።

ከአዲስ አበባ ውጪ ላላችሁ

አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ ያላችሁ ብዙ አትጨነቁ። ሙቀት ለቡጋንቪላ አገሩ ነው። ከኔ ግቢ ሁለት እጥፍ ያብብላችኋል። ይሄኛው ጃስሚን ግን ሌሊቱ ካልቀዘቀዘ እምቡጥ ለመያዝ ይለግማል። ሽታ ከፈለጋችሁ የዓረብ ጃስሚን የሚባለውን ፈልጉ፤ ቅጠሉ ያልተከፋፈለ፣ አበባው ወፈር ያለ ነጭ ነው፣ ሙቀት ይወዳል። የፊሊፒንስ ብሔራዊ አበባ እሱ ነው።

ደብረ ብርሃንና መሰል ብርዳም ቦታ ያላችሁ ደግሞ በተቃራኒው ናችሁ። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ የቡጋንቪላን ጫፍ ያቃጥላል፤ ገና ችግኝ ከሆነ ይገድለዋል። የግድ ካላችሁ ፊቱ ወደ ደቡብ የሆነ የድንጋይ ግድግዳ ሥር ትከሉት፤ ድንጋዩ ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ይሰጠዋል። ጠምበለል ካገኛችሁ ግን እሱን እመርጥላችኋለሁ። የደጋ ልጅ ነው።

ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ የአበባ ማሰሮ ብቻ ላላችሁ፣ ፀሐይ ካለ ቡጋንቪላ። ሥሩ ሲጣበብ እንዲያውም የተሻለ ያብባል፤ ትልቅ ማሰሮ አያስፈልገውም። ጃስሚን በማሰሮ ይሆናል፣ ግን በበጋ ሁለት ቀን ክፍለ ሀገር ሄዳችሁ ስትመለሱ ደርቆ ይጠብቃችኋል።

ዋሽንግተንና አካባቢው ያላችሁ ወገኖች ቡጋንቪላን ደጅ መሬት ላይ ብትተክሉት የመጀመሪያው ክረምት ይወስደዋል። በማሰሮ አሳድጋችሁ ብርዱ ሳይገባ ወደ ቤት አስገቡት። ጃስሚኑም እንደዚያው፤ ግን እሱን ለማስገባት አትቸኩሉ። መኸር ላይ ጥቂት ሳምንታት ቀዝቃዛ ሌሊት ካላገኘ አያብብም። ዱባይና ሪያድ ላላችሁማ ምን እነግራችኋለሁ፤ ቡጋንቪላ መንገዱን ሞልቶት እያያችሁት ነው።

ስትገዙና ስትተክሉ

ቡጋንቪላን አበባ ላይ እያለ ግዙ። ሻጩ "ይሄ ነጭ ነው ጋሼ፣ ያኛው ብርቱካን ነው" ቢላችሁ በዓይናችሁ ካላያችሁ አትመኑ። ክፋት አይደለም፤ ላስቲክ ውስጥ ያለ ችግኝ ሁሉ ይመሳሰላል። በቀላሉ የሚያድገው ሐምራዊው ነው። ጃስሚንን ደግሞ ማታ ማሽተት ባትችሉም እምቡጡን ፈልጉ፤ ሮዝ ከሆነ ልክ ናችሁ።

ላስቲኩን ስትቀዱ ተጠንቀቁ። የቡጋንቪላ ሥር ቀጭንና ተሰባሪ ነው። እኔ የገደልኩት እንዲህ ነው፤ ያንን የሰሜን ግድግዳ ተክል ነቅዬ ላዛውር ስል፣ አፈሩን አራግፌ፣ ሥሩን "አየር እንዲያገኝ" ብዬ በተንኩት። በሳምንቱ ደረቀ። ላስቲኩን በምላጭ ከጎን ቅደዱት፣ አፈሩን እንደያዘ አስቀምጡት፣ አትነካኩት። ጃስሚን ይሄን ያህል አይሰበርም።

ጉድጓዱ ወደ ጎንም ወደ ታችም ግማሽ ሜትር ይበቃል። ከግድግዳው 40 ሳንቲ ሜትር ራቅ አድርጉት፤ ግድግዳ ሥር ያለ አፈር ሲሚንቶ የበላ ነው። በደንብ የበሰለ ፍግ አንድ ባልዲ ቀላቅሉ። ለጃስሚን ሰኔ ጥሩ ነው፣ ዝናቡ ያሳድግላችኋል። ቡጋንቪላን ዝናቡ ቀለል ሲል መስከረም ላይ ብትተክሉት እመርጣለሁ።

ለማባዛት ገንዘብ አታውጡ። ከቡጋንቪላ እርሳስ የሚያክል፣ በጣም ያላረጀ ቅርንጫፍ 20 ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ አሸዋ በበዛበት አፈር ውስጥ ትከሉ። ሥር ለመያዝ ሁለት ወር ሊፈጅ ይችላል፤ ከአሥር አምስቱ ቢይዝላችሁ ደህና ነው። ጃስሚን ከዚህም ይቀላል። ከግንዱ ሳትቆርጡት አንዱን ረጅም ቅርንጫፍ ወደ መሬት ጎንበስ አድርጋችሁ፣ መሃሉን አፈር አልብሳችሁ፣ ድንጋይ ጫኑበት። ሥር ሲይዝ ከእናቱ ትለዩታላችሁ።

ባለፈው ሰኔ እማማ አጥሩ ላይ ሆነው "ያ የማታው አበባህ ግን ለኔም መስኮት ይደርሳል" አሉኝ። ስሞታ መስሎኝ ደነገጥኩ። "እቆርጠዋለሁ እማማ" አልኳቸው።

"ማን ቁረጥ አለህ? እኔንም አስይዘኝ እንጂ።"

የዚያኑ ቀን አንዱን ቅርንጫፍ ቀብሬ ድንጋይ ጫንኩበት። ትናንት ድንጋዩን አንስቼ ቀስ ብዬ ሳብኩት፤ እምቢ አለ። ይዟል። እሳቸው ግቢ ውስጥ ግድግዳቸው የሚያገኘው የጠዋት ፀሐይ ብቻ ነው፤ ሦስት ሰዓት ላይ ሄጄ አይቼዋለሁ።